ስለማይፈለግ ጥይት አፈታትና ስለ ጥንቃቄው
(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



ዛሬ ማታ የምናገርበት ጉዳይ ለመሥሪያ ቤት ሰው ባዕድ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይኸውም የማይፈለግ ጥይት፣ በተለይም በፋብሪካ ሳይሆን በሰው እጅ የተሞላ የጠመንጃ ጥይት፣ ያለ አደጋ እንዴት እንደሚፈታ የሚገልጽ ነው። አንዳንዶቻችሁ «እኛ የምንይዘው ብዕርና ማኅተም ነው፤ ከጥይት ጋር ምን አገናኘን?» ትሉ ይሆናል። ዳሩ ግን የአባቱን ወይም የአያቱን ሣጥን ከፍቶ፣ በአሮጌ ጨርቅ የተቋጠረ አምስት ወይም ስድስት ጥይት ያገኘ ሰው በመካከላችን ጥቂት አይደለም። ያን ጊዜ እጃችን ምን ያደርጋል? ወደ ቆሻሻ መጣያ ይወረውረዋል? ለልጆች መጫወቻ ይተወዋል? ወይስ በፒንሳ ይዞ ለመፍታት ይታገላል? ከሦስቱ አንዱም ትክክል አለመሆኑን ለማስረዳት፣ ጥይት መፍታት እንደ አንድ ሙያ ከሚቆጠርበት አገር ልነሣ።

በአሜሪካን አገር ረዥም ዘመን የኖረ አንድ የአጎቴ ልጅ አለኝ። በበልግ ወራት፣ እነርሱ የበልግ ወራት በሚሉት የመስከረምና የጥቅምት ወቅት፣ አጋዘን ማደን ይወዳል። በዚያ አገር ብዙ አዳኞችና የዒላማ ተኳሾች ጥይታቸውን ከሱቅ ከመግዛት ይልቅ በገዛ እጃቸው ይሞላሉ። አንድ ጊዜ የተተኮሰውን ቀለህ አይጥሉትም፤ አጽድተው፣ ቅርጹን አስተካክለው፣ አዲስ ባሩድና አዲስ አረር ይሰጡታል። ይህን የሚያደርጉት ገንዘብ ለመቆጠብና ለጠመንጃቸው የሚስማማውን መጠን ለማግኘት ነው። ሥራው በሕግ የተፈቀደ፣ መጽሐፍ የተጻፈለት፣ መሣሪያ የተሠራለት ነው።

እንግዲህ ይህ ዘመዴ አንድ ጊዜ እንዲህ ሲል አጫወተኝ። በጎረቤቱ የነበሩ አንድ ሽማግሌ አዳኝ ሲያርፉ፣ ባለቤታቸው አርባ ጥይት የያዙ ሁለት ሣጥኖች ሰጡት። «ባለቤቴ እጅግ ጠንቃቃ ሰው ነበር፤ በእጁ የሞላው ነውና ተጠቀምበት» አሉት። በአንደኛው ሣጥን ክዳን ላይ የባሩዱ ዓይነት፣ ክብደቱ፣ የአረሩ ክብደትና የተሞላበት ቀን በሚገባ ተጽፎ ነበር። በሁለተኛው ሣጥን ላይ ግን አንዲት ፊደል አልነበረችም። ጥይቶቹ ሁሉ ያበራሉ፤ ልካቸው አንድ ነው፤ ከእርሱ ጠመንጃም ጋር ይስማማሉ። ታዲያ ይተኩሳቸው ወይስ ይተዋቸው? ይህን ጥያቄ ለመመለስ አስቀድመን ጥይት ምን እንደሆነ መመልከት ይገባናል።

ጥይት የአራት ነገሮች ማኅበር ነው። የመጀመሪያው ሁሉን አቅፎ የሚይዘው የናስ ቀለህ ነው። ሁለተኛው በቀለሁ ውስጥ ያለው ባሩድ ነው። ሦስተኛው በቀለሁ አፍ ላይ ተጣብቆ የሚቀመጠውና ተተኩሶ የሚሄደው አረር ነው። አራተኛዋ በቀለሁ መቀመጫ መካከል የተተከለች፣ በውጭ አገር ቋንቋ ፕራይመር የምትባል፣ ትንሽ አቀጣጣይ ቆብ ናት። ምላጩ ሲሳብ የጠመንጃው መምቻ ይህችን ቆብ ይመታታል፤ በውስጧ ያለው ቅመም በምት ብቻ ይነዳል፤ እሳቱም በቀጭን ቀዳዳ አልፎ ባሩዱን ይለኩሰዋል። ባሩዱ ወደ ጋዝነት ሲለወጥ አረሩን ገፍቶ በአፈሙዙ ያስወጣዋል።

የባሩዱ መጠን ሲታይ ትንሽ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1906 ዓ.ም. የአሜሪካ ሠራዊት የተቀበለውና እስከ ዛሬ ድረስ በአዳኞች ዘንድ የታወቀው ሠላሳ ዜሮ ስድስት የተባለው ጥይት የሚይዘው ባሩድ ከ3 ግራም ጥቂት ቢበልጥ ነው። ይህ በሻይ ማንኪያ የሚለካ ነገር ነው። ነገር ግን በጠመንጃው ውስጥ የሚፈጥረው ግፊት በመኪና ጎማ ውስጥ ካለው ግፊት ወደ 2000 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ጠመንጃው ይህን ግፊት የሚችለው ባሩዱ በዓይነቱም በመጠኑም ልክ የሆነ እንደሆነ ብቻ ነው። ባሩድ ሁሉ አንድ አይደለምና። ለሽጉጥ የሚሠራው ፈጥኖ ይነዳል፤ ለጠመንጃ የሚሠራው ቀስ ብሎ ይነዳል። ለሽጉጥ የተሠራው ባሩድ በስሕተት በጠመንጃ ቀለህ ሙሉ ቢደረግ፣ ብረቱን ሰንጥቆ በተኳሹ ፊት ላይ ሊበትነው ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ፣ ባሩድን በቀለሙና በመልኩ ለይቶ «ይህ እገሌ ነው» ለማለት የማይቻል መሆኑ ነው። ሁለት የማይመሳሰሉ ባሩዶች ለዓይን መንታ ሊመስሉ ይችላሉ።

ስለዚህ የዘመዴ ጥያቄ መልስ ግልጽ ነው። ጽሑፍ የሌለው ጥይት፣ የሞላው ሰው የቱንም ያህል ጠንቃቃ ቢሆን፣ አይተኮስም። በሙያው የበሰሉ ሰዎች ከዚህ አልፈው፣ የተጻፈበትም ቢሆን ሌላ ሰው በእጁ የሞላውን ጥይት አይተኩሱም። ስለዚህ ዘመዴ ሁለቱንም ሣጥን ሊፈታ ቆረጠ።

አፈታቱ ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው በመዶሻ መሰል መሣሪያ የሚሠራ ነው። ይህ መሣሪያ ራሱ ውስጡ ባዶ የሆነ፣ ከጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ መዶሻ ነው። ጥይቱ በባዶው ውስጥ አረሩ ወደ ታች ሆኖ ይገባል፤ የቀለሁም መቀመጫ ጠርዝ ለዚሁ በተሠራ መያዣ ይታሠራል። ከዚያ መዶሻው በጠንካራ ነገር ላይ ሲመታ፣ መዶሻውም ቀለሁም በአንድ ጊዜ ይቆማሉ፤ አረሩ ግን ክብደት ስላለው ጉዞውን ሊቀጥል ይፈልጋል። የከተማ አውቶቡስ ነጂ ፍሬን በድንገት ሲይዝ የቆመው ተሳፋሪ ሁሉ ወደ ፊት እንደሚወድቅ ማለት ነው። ከጥቂት ምት በኋላ አረሩ ከቀለሁ ወጥቶ ይወድቃል፤ ባሩዱም ተከትሎት በመዶሻው ራስ ውስጥ ይጠራቀማል። ሁለተኛው ዘዴ ጥይት ለመሙላት በሚያገለግለው መጫኛ ላይ የሚሠራ ነው። ቀለሁ ከታች ሲያዝ አረሩ ከላይ በጥፍር መሰል መያዣ ተጨብጦ በቀስታ ይሳባል። ይህኛው ምት የለበትም፤ ብዙ ጥይት ለሚፈታ ሰውም ይፈጥናል።

ዳሩ ግን መሣሪያ መኖሩ ብቻውን ሰውን ከአደጋ አያድንም። የሚያድነው ሥርዓት ነው። ሥርዓቱንም በአጭሩ ልዘርዝር።

ፊተኛው፣ ዓይንን በመከላከያ መነጽር መሸፈን ነው። ሁለተኛው፣ በአቅራቢያው እሳት፣ ሲጋራ ወይም የጋለ ምድጃ እንዳይኖር ማድረግ ነው። ሦስተኛው፣ በጠረጴዛው ላይ አንድ ዓይነት ጥይት ብቻ ማኖርና አንዱን ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ ነው። አራተኛው፣ መዶሻው ከራሱ መያዣ ጋር ብቻ እንዲሠራ ማድረግ ነው። አንዳንድ ሰዎች ሥራ ለማፍጠን ሲሉ በመያዣው ፈንታ የመጫኛውን የቀለህ መያዣ ይተካሉ፤ ይህም ጥይቱ በመዶሻው ውስጥ እንዲፈነዳ ሊያደርግ እንደሚችል መሣሪያውን የሚሠሩት ራሳቸው ያስጠነቅቃሉ። አምስተኛው፣ በመዶሻ የማይፈቱ ጥይቶችን ለይቶ ማወቅ ነው። የአቀጣጣዩ ቅመም በመካከል ሳይሆን በመቀመጫው ጠርዝ ዙሪያ የተሞላባቸው ትንንሽ ጥይቶች አሉ፤ እነዚህ ጠርዛቸው ሲመታ ሊነዱ ስለሚችሉ ፈጽሞ ወደ መዶሻው አይገቡም። ሲተኮሱ ብርሃን እያሳዩ የሚሄዱት፣ እሳት የሚለኩሱትና የሚፈነዳ አረር ያላቸው የወታደር ጥይቶችም እንዲሁ የተከለከሉ ናቸው። ስድስተኛው፣ ሥራው ሲያበቃ እጅን በሳሙና መታጠብ ነው፤ አረሩ በአብዛኛው እርሳስ ስለሆነና እርሳስም መርዝ ስለሆነ፣ ሳይታጠቡ እንጀራ መቁረስ አይገባም።

ዘመዴ ከእነዚህ በላይ አንድ ልማድ ነበረው። የእያንዳንዱን ጥይት ባሩድ በመጀመሪያ ለብቻው በነጭ ሳሕን ላይ ያፈስሰዋል፤ ተመልክቶም ነው ወደ ማጠራቀሚያው የሚጨምረው። ጽሑፍ ካልነበረው ሣጥን ዐሥራ ዘጠኙን ፈታ፤ ባሩዱ ሁሉ እንደ ደቃቅ ዘንግ ያለ፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ ነበር። ሃያኛውን ፈትቶ በሳሕኑ ላይ ሲያፈስሰው ግን እንደ ዓሣ ቅርፊት ጠፍጣፋ የሆነ ባሩድ ወጣ። ጠንቃቃ የተባሉት ሽማግሌ አንድ ቀን፣ ምናልባት ሰው ጠርቷቸው፣ ምናልባትም እጃቸው ደክሞ፣ ቆርቆሮ ተሳስተው ነበር ማለት ነው። ያ ጥይት ቢተኮስ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማንም አያውቅም፤ ዘመዴም ለማወቅ አልፈለገም። «እርሳቸው ከእኔ ይልቅ ጠንቃቃ ነበሩ፤ ስለዚህ ከእርሳቸው ስሕተት ይልቅ የራሴን ፈራሁ» ብሎኛል።

ጥይቱ ከተፈታ በኋላ አራቱ ክፍሎች ምን ይሆናሉ? አረሩ ካልተጎዳ እንደገና ያገለግላል፤ ቀለሁም እንዲሁ። ባሩዱ ግን ዓይነቱ በእርግጥ ካልታወቀ ሁለተኛ አይሞላም፤ ከሌላ ባሩድ ጋርም አይቀላቀልም። በአሜሪካ የጥይት አምራቾች የሚመክሩት፣ ከሰውና ከቤት በራቀ ሜዳ፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ በስሱ ዘርግቶ፣ የሚለኩሰው ሰው እስኪርቅ ድረስ ቀስ ብሎ በሚነድ ማቀጣጠያ እንዲቃጠል ነው። በግልጥ ቦታ ያለ ባሩድ አይፈነዳም፤ በኃይል ይነዳል እንጂ። ባሩድ ኃይለኛ የሚሆነው ሲታፈን ነው።

ከአራቱ ይልቅ የምታስቸግረው ያቺ ትንሽ አቀጣጣይ ቆብ ናት። ባሩዱ ከወጣም በኋላ እርሷ በቀለሁ ውስጥ ሕያው ሆና ትቀራለች። ብዙ ሰዎች ዘይት ወይም ውሃ ቢያፈስሱባት የምትሞት ይመስላቸዋል። ይህ የማይታመን ነገር ነው፤ ስትደርቅ እንደገና ልትነዳ ትችላለችና። በሙያው ያሉ ሰዎች ባሩድና አረር የሌለውን ቀለህ በጠመንጃ አጉርሰው፣ በተኩስ መለማመጃ ቦታ፣ አፈሙዙን ወደማይጎዳ አቅጣጫ አድርገው፣ ጆሮአቸውን ሸፍነው ቆቧን ይተኩሷታል። ቀለሁም ያን ጊዜ በእርግጥ ባዶ ይሆናል።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። በአገራችን ጥይትን በቤት መሙላት የተለመደ ሙያ አይደለም፤ መሣሪያውም በሱቅ አይገኝም። ነገር ግን የቆየ ጥይት በየቤቱ አለ። ከዐድዋ ዘመን ጀምሮ ሰናድር፣ ውጅግራ፣ መስኮብ፣ በልጅግ እየተባሉ የተጠሩ ጠመንጃዎች በየቤተሰቡ አልፈዋል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የአርበኝነት ዘመንም ጥይት እንደ ወርቅ ተቆጥሮ በዝናር፣ በቅል፣ በመሬት ጉድጓድ ተቀብሯል። ጠመንጃው ሲሸጥ ወይም ሲጠፋ ጥይቱ ለመታሰቢያ ቀርቷል። ይህን የመሰለ ጥይት ደግሞ ከጽሑፍ አልባው ሣጥን ይልቅ የማይታወቅ ነው፤ የሞላውም፣ የያዘውም፣ የደበቀውም ሰው በሕይወት የለምና።

አንዳንዶች «ይህ አርጅቷል፤ ኃይሉ አልቋል» ይላሉ። ይህ እምነት የሰው ሕይወት ያስከፍላል። ጥቁሩ ባሩድ ከእርጥበት ተጠብቆ ከቆየ ከብዙ ዘመን በኋላም ይነዳል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1884 ዓ.ም. ፈረንሳዊው ፖል ቪየይ የሠራው ጢስ አልባ ባሩድ ደግሞ ሲያረጅ የሚያስከትለው ሌላ አደጋ አለ። በውስጡ ያለው ቅመም በጊዜ ብዛትና በሙቀት እየፈረሰ ሲሄድ የአሲድነት ጠባይ ያለው ጋዝ ያወጣል፤ ሽታው አፍንጫ ይቆጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ቀይ ቡናማ ጢስ ይታያል። በብዛት ተከማችቶ ሳለ እንዲህ የሆነ እንደሆነ ማንም ሳይነካው ራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። የፈረንሳይ መንግሥት ይህን የተማረው በከባድ ዋጋ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በመጋቢት 1907 ዓ.ም. ኢየና የተባለችው የጦር መርከብ፣ በመስከረም 1911 ዓ.ም. ደግሞ ሊበርቴ የተባለችው፣ ሁለቱም በቱሎን ወደብ ሳሉ ፈነዱ። የመጀመሪያዋ ከመቶ የሚበልጡ፣ ሁለተኛዋ ከሁለት መቶ የሚበልጡ ሰዎችን ይዛ ጠፋች። ለሁለቱም አደጋ ምክንያት ተደርጎ የተቆጠረው ያረጀው ባሩድ ነው። በሣጥን ውስጥ ያሉ ስድስት ጥይቶች የመርከብ ማከማቻ እንዳልሆኑ አውቃለሁ። ሆኖም ባሩድ ሲያረጅ የሚተኛ ሳይሆን ጠባዩ የሚለወጥ ነገር መሆኑን ታሪኩ በሚገባ ያስረዳል።

ሌላም አደጋ አለ። ቀለህ ናስ ስለሆነ በገበያ ዋጋ አለው። በእንጦጦ አካባቢ ከቀለጠ ቀለህ ውብ ዶቃና ጌጥ የሚሠሩ እናቶች መኖራቸው የታወቀ ነው፤ ይህም የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ነገር ግን በተተኮሱት ቀለሆች መካከል አንድ ያልተተኮሰ ጥይት፣ ወይም አቀጣጣይ ቆቡ ያልተነካ አንድ ቀለህ ተቀላቅሎ ወደ ማቅለጫው ቢገባ ምን ይሆናል? ጥይት ከጠመንጃ ውጭ በእሳት ሲነዳ አረሩ እንደ ተተኮሰ ሩቅ አይሄድም። የሚሰነጠቀው ቀለህና ተፈናጥራ የምትወጣው ቆብ ግን በአጠገቡ ላለ ሰው ዓይንና ፊት እጅግ አደገኞች ናቸው። ስለዚህ ናስ የሚሰበስብም የሚያቀልጥም ሰው የእያንዳንዱን ቀለህ መቀመጫ መመልከት አለበት። በመምቻ የተመታች ቆብ በመካከሏ ጎድጎድ ያለ ምልክት ይኖራታል፤ ያልተመታችው ለስላሳ ናት። ምልክት የታየባትም ብትሆን ሳትነዳ የቀረች ልትሆን ስለምትችል፣ አረሩ ገና በአፉ ላይ ያለ ጥይት ምልክት ኖረውም አልኖረው ወደ እሳት አይቀርብም።

እንግዲህ በቤታችን ጥይት ብናገኝ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ በሞርሳ አሥረን በፒንሳ አንሳብ፤ በመዶሻና በምስማር አንነካካ፤ ወደ እሳት፣ ወደ ሽንት ቤት ወይም ወደ ቆሻሻ መጣያ አንጣል። ሁለተኛ፣ ልጆች ከማይደርሱበት፣ ሙቀት ከሌለበት ቦታ አኑረን ቆልፈን እንጠብቅ። ሦስተኛ፣ በአቅራቢያችን ላለው ፖሊስ ጣቢያ እናስታውቅ፤ እንዴትና በማን እጅ እንደሚረከቡትም እንጠይቅ። በኪስ ይዞ በከተማ መዞር አይገባም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 መሣሪያንና ጥይትን በፈቃድ ሥርዓት ሥር ያዋለ ስለሆነ፣ የአባት መታሰቢያ ነው ማለት ብቻውን ከኃላፊነት አያድንም። ያገኘነው ነገር ከጠመንጃ ጥይት የሚበልጥ፣ ማለት የመድፍ ጥይት፣ ቦምብ ወይም የማናውቀው ዕቃ የሆነ እንደሆነ ደግሞ ከቶ ሳንነካው፣ ሰው እንዳይቀርብ ከልክለን፣ ባለሙያ እስኪመጣ መጠበቅ ግዴታችን ነው።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። ነገር ግን በዚህ ሥራ የቸኮለ ሰው አፍስሶ የሚለቅምበት እጅ ላይተርፈው ይችላል። ለዚህ ነው ሙያው በተስፋፋበት አገር እንኳ ሥራው በትዕግሥት፣ በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ እየተያዘ የሚሠራው።

ንግግሬን ከመፈጸሜ በፊት ወደ ሁለቱ ሣጥኖች አንድ ጊዜ ልመለስ። ሁለቱን የሞላው አንድ ሰው ነው፤ ጠረጴዛውም አንድ ነበር። በመካከላቸው የነበረው ልዩነት አንድ መስመር ጽሑፍ ብቻ ነው። እኛ በየመሥሪያ ቤቱ የምንውል ሰዎች ቀን የሌለው ደብዳቤ፣ ቁጥር የሌለው መዝገብ፣ ስም የሌለው ፋይል ምን ያህል እንደሚያደክም እናውቃለን። በወረቀት ሥራ የእንዲህ ያለው ጉድለት ዋጋ የባለጉዳይ መመላለስ ነው፤ በባሩድ ሥራ ግን ዓይን ወይም ሕይወት ነው። ስለዚህ መድኃኒትም ቢሆን፣ የተባይ ማጥፊያም ቢሆን፣ የጋዝ ጠርሙስም ቢሆን፣ በቤታችን የሚቀመጥ አደገኛ ነገር ሁሉ ምንነቱና ቀኑ የተጻፈበት ይሁን። እኛ የምናውቀውን ከእኛ በኋላ ሣጥኑን የሚከፍተው ልጃችን አያውቀውምና።